የእትዬን ክኒን ያስጣለው ጽሑፍ፦ ስለ ታይሮይድና አንቲኦክሲዳንት የተሰጠ ምላሽ

እትዬ ባለፈው ወር ደወሉልኝ። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። የሰፈሩን ወሬና የዘመድ አዝማዱን ደህንነት ከጨረስን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሰው ሲመጣ ያን ሴሌኒየም የሚባለውን ላኪልኝ። ቫይታሚን ሲ እና ኢም ጨምሪበት። የፀጉሩንም» አሉኝ።

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለራሴ ነዋ! ክኒኑን ትቼዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ምንም አልሆንኩ። እንዲያውም ቀለል ብሎኛል።»

ክኒኑ ሌቮታይሮክሲን ነው። አንገት ላይ ያለው፣ ሆርሞን የሚያመርተው የታይሮይድ እጢያቸው ሥራው ከደከመ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ዘጠኙንም ዓመት ጠዋት ጠዋት ሲውጡት ኖረዋል። ምን አስተዋቸው ብዬ ስጠይቅ አንድ ጽሑፍ ላኩልኝ። ረጅም ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ይህን ምላሽ ለመጻፍ ቁጭ አልኩ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። የታይሮይድ እጢ የሚደክመው ሰውነት እንደ ብረት ስለሚዝግ ነው። ዝገቱን የሚያስለቅቁት አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት ቫይታሚኖችና ማዕድናት ናቸው። ክኒኑ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ሥሩን አይነካም። ሴሌኒየም በጥናት ተረጋግጧል። ቫይታሚን ደግሞ ቫይታሚን ነውና አይጎዳም። ለአገራችን ሰው ጥቁር አዝሙድና ሽፈራው አሉለት።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ክፉ አስበው ጻፉት ብዬም አላምንም፤ ብዙ እንዳነበቡ ያስታውቃል። እኔ የምሠራው አሜሪካ፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ራሴም ይህንኑ ክኒን አሥራ አንድ ዓመት ወስጃለሁ። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የወረቀት ክርክር አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዝገቱ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ» የሚባለውን ነገር በዝገት መስለው ያስረዳሉ። ሐሳቡ ባዶ አይደለም። ሰውነታችን ኦክስጅን ተጠቅሞ ኃይል ሲያመርት ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቁጡ ቅንጣቶች ይወጣሉ። ሲበዙና መከላከያው ሲያንስ የሴሎቻችንን ስብ፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ይጎዳሉ። ታይሮይዳቸው የደከመ ሰዎች ደማቸው ሲመረመር የዚህ ጉዳት ምልክቶች፣ ለምሳሌ ማሎንዲያልዲሃይድ የሚባለው፣ ከጤነኛ ሰው ከፍ ብለው የተገኙባቸው ጥናቶች በርካታ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ጥያቄው የቱ ቀደመ የሚለው ነው። ታይሮይድ ሲደክም ጉበት መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከደም የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል። ያ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ተንጠልጥሎ በቆየ ቁጥር ለፍሪ ራዲካሎቹ ሲሳይ ይሆናል። ሆርሞኑ ሲተካ ኮሌስትሮሉ ይወርዳል። በተለያዩ ጥናቶችም የጉዳቱ ምልክቶች አብረው ወርደው ተገኝተዋል። እንግዲህ በደም ከሚለካው «ዝገት» ውስጥ ቢያንስ አንዱ ክፍል የመጣው ከሆርሞኑ ማነስ ነው። ጸሐፊው መንስኤ ያሉት ነገር ውጤት ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ስለ እጢው ራሱ ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ነገር አለ። የታይሮይድ እጢ አዮዲንን ከደም ይስብና ከፕሮቲን ጋር አያይዞ ሆርሞን ይሠራል። ይህን ለማድረግ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያስፈልገዋል። አዎ፣ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚያወጣው፣ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ያው ነገር። እጢው ራሱ ሆን ብሎ ያመርተዋል። እሱም ጸሐፊው ጠላት ካሏቸው ኦክሲዳንቶች አንዱ ነው። እሱ ከሌለ ሆርሞን የለም። ማስረጃው ሕፃናት ናቸው፦ ይህን ፐርኦክሳይድ የሚያመርተው ጂናቸው፣ ዱኦክስ ሁለት የሚባለው፣ የተበላሸባቸው ሕፃናት ከነታይሮይድ ድካማቸው ይወለዳሉ።

እንጀራ ለጋገረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ምጣዱ ካልሰማ እንጀራው ዓይን አያወጣም። እሳቱ ከምድጃው ወጥቶ ቤቱን እንዳይበላ ይጠበቃል እንጂ ምጣድ ሥር ውሃ አይደፋም። እጢውም ጠባቂ አለው። ሴሌኒየም ያለባቸው ኢንዛይሞች ትርፉን ፐርኦክሳይድ እየለቀሙ ወደ ውሃ ይለውጡታል። በክብደት ሲመዘን ከሌሎች አካላት ይልቅ ሴሌኒየም የሚበዛው ታይሮይድ ውስጥ የሆነውም ለዚህ ነው።

ደግሞስ ታይሮይድን የሚያደክመው ምንድን ነው? አዮዲን በበቂ በሚገኝበት አገር ዋናው ምክንያት ሐሺሞቶ የሚባለው በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው በ1912 መጀመሪያ ከገለጸው ጃፓናዊ ሐኪም ከሐካሩ ሐሺሞቶ ነው። የሰውየው በሽታ መከላከያ ተሳስቶ የራሱን እጢ ያጠቃል። አዮዲን በሚጎድልበት አገር ደግሞ ጥሬ ዕቃው ያልቃል። በቀዶ ጥገና እጢው የወጣለትም አለ። እጢ የሌለውን ሰው አንቲኦክሲዳንት ምን ይሠራለታል?

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው። ክኒኑ «ይሸፍናል» ይላሉ። ራስ ምታት ላይ ማስታገሻ እንደመዋጥ አድርገው ነው ያቀረቡት። ሌቮታይሮክሲን ግን እጢው ራሱ የሚሠራው ቲ4 የሚባለው ሆርሞን ነው። ሞለኪውሉ አንድ ነው። የጎደለው ነገር ራሱ ነው የሚሰጠው።

ይህ ሕክምና ከመገኘቱ በፊት ሰዎቹ ምን ይሆኑ እንደነበር ማወቅ ጥሩ ነው። ፊታቸው ያብጣል፣ ድምፃቸው ይጎረንናል፣ ንግግራቸው ይጎተታል፣ ልባቸው ይዘገያል፣ በመጨረሻም ይሞታሉ። በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአንዲት የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጣት። ሴትዮዋ ነፍስ ዘራች። ሕክምናውን እየወሰደች እስከ 74 ዓመቷ ኖረች። ሃያ ስምንት ዓመት! ይህ መሸፈን ከሆነ እኔ መሸፈኑን እመርጣለሁ።

ወደ እትዬ «ሁለት ሳምንት» ልመለስ። ጽሑፉ ውስጥም ክኒናቸውን ትተው በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ጉልበት ስላገኙ ሰዎች ተጽፏል። ሰዎቹ ዋሽተዋል አልልም። የሆነውን ማስረዳት ግን ቀላል ነው። ሌቮታይሮክሲን ከደም የሚወጣው በጣም በዝግታ ነው። ግማሹ ለመውጣት ሰባት ቀን ገደማ ይፈጃል። ክኒኑን ዛሬ ያቆመ ሰው በሳምንቱ ግማሹ፣ በሁለት ሳምንቱ ሩቡ ገና በደሙ ውስጥ አለ። ሰውነቱ የሚሠራው በትናንቱ ስንቅ ነው። በመሐል አዲስ ቫይታሚን ጀምሯል፣ ተስፋ አድሮበታል፣ ምናልባት አመጋገቡንም አስተካክሏል። ምስጋናው ለቫይታሚኑ ይሄዳል። ስንቁ ሲያልቅ ድካሙ ቀስ ብሎ፣ ሳይታወቅ፣ ከአንድ ወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ ይመጣል። ያኔ ደግሞ የብርዱ ነው፣ የጾሙ ነው፣ የዕድሜ ነው ይባላል።

አዛውንት ላይ ይህ ከባድ ነው። ለብዙ ጊዜ ሆርሞን ያጣ ሰው ኢንፌክሽን ወይም ኃይለኛ ብርድ ሲያገኘው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። አዘውትሮ የሚከሰት አይደለም፤ ሲከሰት ግን ብዙዎች አይተርፉም። ነፍሰ ጡር ደግሞ ፈጽሞ ክኒኗን ማቋረጥ የለባትም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጽንሱ አንጎል የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። እንዲያውም እርግዝና ሲመጣ መጠኑ ብዙ ጊዜ ይጨመራል። ጽሑፉ ለእነዚህ ሴቶች አንድም የማስጠንቀቂያ ቃል የለውም።

አሁን ወደ ሴሌኒየም። እዚህ ላይ ጸሐፊው የጠቀሱት ጥናት እውነተኛ ነው፤ በ2002 ጀርመን ውስጥ የተሠራ። የሐሺሞቶ በሽታ ያለባቸው 70 ሴቶች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ለሦስት ወር በቀን 200 ማይክሮግራም ሴሌኒየም ወሰዱ፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን። እጢውን የሚያጠቃው አንቲቦዲ ሴሌኒየም በወሰዱት ላይ በ36 በመቶ ገደማ ወረደ፣ በሌሎቹ በ12 በመቶ። ደስ የሚል ውጤት ነው። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ለራሴ ልጀምር አስቤ ነበር።

ግን ታሪኩ 2002 ላይ አልቆመም። ጸሐፊው ለምን እዚያ እንዳቆሙት አልገባኝም። በ2013 ኮክሬን የተባለው የጥናት መርማሪ ቡድን እስከዚያ የተሠሩትን አራት ጥናቶች አንድ ላይ አይቶ፣ ሴሌኒየም ለሐሺሞቶ ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ለማለት የሚያስችል አስተማማኝ ማስረጃ የለም አለ። ከዚያ ዴንማርክ ውስጥ ካታሊስት የተባለ ትልቅ ጥናት ተሠራ፤ ውጤቱ በ2024 ወጣ። ከ400 በላይ ሰዎች፣ ሁሉም ሌቮታይሮክሲን የሚወስዱ፣ ለአንድ ዓመት ግማሾቹ 200 ማይክሮግራም ሴሌኒየም፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን ወሰዱ። የተጠየቁት እኔና እትዬ የሚያስጨንቀንን ጥያቄ ነው፦ ድካሙ ቀነሰ? ኑሮህ ቀለለ? በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። አንቲቦዲው በሴሌኒየሙ ወገን ወርዷል። ሰዎቹ ግን የተለየ ነገር አልተሰማቸውም።

ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር መውረዱና ጠዋት ከአልጋ በጉልበት መነሣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጽሑፉ አንዱን አሳይቶ ሌላውን ቃል ገባ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆነው ጥናት ግን ሌላ ነው። የተሠራው ያኔ ዛየር በምትባለው ኮንጎ ሰሜናዊ ክፍል ነው፤ በ1991 ታተመ። አካባቢው አዮዲንም ሴሌኒየምም ያጣ ነበር። ተመራማሪዎቹ ለተማሪዎችና ከልጅነታቸው ጀምሮ ታይሮይዳቸው ክፉኛ ለተጎዳ ሰዎች ለሁለት ወር ሴሌኒየም ሰጡ። መጠኑ በቀን 50 ማይክሮግራም ብቻ ነበር። የሆርሞናቸው መጠን ወረደ። ክፉኛ የተጎዱት ላይ ደግሞ የታይሮይዱ ሥራ ከነበረበትም ባሰ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ቲ4ን ወደ ሌላ መልክ የሚቀይሩት ኢንዛይሞች የሚሠሩት በሴሌኒየም ነው። ሴሌኒየም ሲያገኙ ነቁና ያለውን ጥቂት ሆርሞን ቶሎ ቶሎ መጠቀም ጀመሩ። አዲስ ለመሥራት ግን አዮዲን የለም። ጎተራው ባዶ ሆኖ ወፍጮው ፈጠነ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የጻፉት ማስጠንቀቂያ፣ አዮዲን ለጎደለው ሰው ሴሌኒየም በጅምላ መስጠት አደገኛ ሊሆን ይችላል የሚል ነው።

ይህን ያነሳሁት ኮንጎ ሩቅ ስላልሆነች ነው። አገራችን ውስጥ እንቅርት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም፤ አነጋገራችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 ነው፤ ከዚያ በፊት አዮዲን ያለው ጨው የማያውቁ ቤተሰቦች ጥቂት አልነበሩም። ሴሌኒየሙም ቢሆን እንደ አፈሩ ነው። በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የኢትዮጵያንና የማላዊን እህል ከየማሳው ሰብስቦ ሲመረምር፣ በእህሉ ውስጥ ያለው ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል። አንዱ አካባቢ ያለ ገበሬ በጤፉና በስንዴው ይበቃዋል፤ ሌላው ይጎድለዋል። «የሐበሻ ሰው ሴሌኒየም ይጎድለዋል፣ ሁሉም ይውሰድ» የሚለው አስተያየት እዚህ ላይ ይወድቃል። ለሚበቃው ሰው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

መጠኑም ቀልድ አይደለም። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 55 ማይክሮግራም ያህል ነው። አሜሪካ ላይ ከፍተኛው ጣሪያ 400 ነው፤ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2023 ጣሪያውን ወደ 255 አወረደው። በምግቡ በቂ የሚያገኝ ሰው 200 ሲጨምርበት የአውሮፓውን ጣሪያ ይነካል። በ2008 አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ሰፕሊመንት ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው 200 እጥፍ ሴሌኒየም ይዞ ተገኘ። በአሥር ግዛቶች 201 ሰዎች ተመረዙ። ተቅማጥ፣ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያዛቸው፤ ጥፍራቸው ተበላሸ፤ አብዛኞቹ ፀጉራቸው ረገፈ። ፀጉሯ እየረገፈ ተጨንቃ ሴሌኒየም የምትገዛ የታይሮይድ ታማሚ ይህን ማወቅ አለባት። ሰፕሊመንት እንደ መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት አይፈተሽም።

«ቫይታሚን ስለሆነ አይጎዳም» በሚለው ላይ ብዙ አልቆይም፤ መልሱ ከሠላሳ ዓመት በፊት ተገኝቷል። በ1994 ፊንላንድ ውስጥ 29,133 የሚያጨሱ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። ቤታ ካሮቲን የወሰዱት የሳንባ ካንሰራቸው ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ በ18 በመቶ ጨመረ። አሜሪካም ተመሳሳይ ጥናት በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ሴሌኒየምና ቫይታሚን ኢ የተፈተኑበት፣ ከ35,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ሴሌክት የተባለው ጥናት ደግሞ በ2011 ባወጣው ውጤት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት የፕሮስቴት ካንሰራቸው በ17 በመቶ በዝቶ ተገኘ። እነዚህ ሁሉ «ዝገትን ይከላከላሉ» በሚል እምነት የተጀመሩ ጥናቶች ናቸው።

ስለ ቤታ ካሮቲን አንድ ነገር ልጨምር። ታይሮይዱ የደከመ ሰው ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይርበት ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ይጠራቀማል። መዳፉ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ የዓይኑ ነጭ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል። እንደ ወፍ በሽታ አድርገው የሚደነግጡ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ የካሮቲን ክኒን መጨመር ምን ይሉታል?

ጽሑፉ በመጨረሻ፣ ክኒኑን መተው የማይችል ሰው ቫይታሚኖቹን ጠዋት ከክኒኑ ጋር አብሮ ይውሰድ ይላል። አደራ፣ ይህን አታድርጉ። ብረትና ካልሲየም ሌቮታይሮክሲኑን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፤ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ብዙዎቹ መልቲቫይታሚኖች ሁለቱም አሉባቸው። ቢያንስ የአራት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውሃ፣ ከቁርስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ነው የሚወሰደው። ቡናም ይቀንሰዋል። ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን፣ ቫይታሚን ሲ የጨጓራ ችግር ላለባቸው ጥቂት ሰዎች ክኒኑ በደንብ እንዲገባ እንደሚረዳ ያሳየ አንድ ትንሽ ጥናት አለ። ግን እዚያ የጠቀመው ኮምጣጣነቱ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። ጨጓራው አሲድ ሲያንሰው ክኒኑ አይሟሟም። ከዝገት ጋር ግንኙነት የለውም።

እትዬ «የፀጉሩን» ያሉት ባዮቲን ነው። ጽሑፉ «የፀጉር ረዳት» ብሎ ዘርዝሮታል። እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ፀጉሬ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣ ነበር። ባዮቲን ገዛሁ፤ አንዱ ፍሬ 10,000 ማይክሮግራም። የቀን ፍላጎታችን 30 ነው። ሁለት ወር ወሰድኩ። ከዚያ የተለመደው የደም ምርመራዬ ደረሰ። ውጤቱ ቲኤስኤች (አንጎል ታይሮይዱን «ሥራ» ብሎ የሚያዝበት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ የሚለው) በጣም ዝቅ፣ ቲ4 ከፍ ያለ ሆኖ መጣ። ሲታይ ክኒኑ በዝቶብኛል ማለት ነው። መጠኑ ተቀነሰልኝ። በአንድ ወር ውስጥ በሰኔ ሙቀት ሹራብ ለብሼ መሥራት ጀመርኩ። ድምፄ ጎረነነ። የደንበኛ ስም ጠርቼ ለምን እንደጠራሁት እረሳለሁ። እንደገና ስመረመር ውጤቱ አሁንም «በዝቶብሻል» አለ። እንደገና ተቀነሰ።

ሦስተኛ ጊዜ ሌላ ሐኪም አየችኝ። ወረቀቱን አየች፣ ያበጠውን ፊቴን አየች። «ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ? ለፀጉር፣ ለጥፍር?» አለችኝ። ጠርሙሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ባዮቲኑን አቁሜ ደሜ እንደገና ሲለካ ቲኤስኤቹ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። አራት ወር ሙሉ ሆርሞን እያነሰኝ በዝቶብሻል ስባል ከርሜአለሁ።

የሆነው ይህ ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ሆርሞኑን የሚለኩበት ዘዴ ውስጡ ባዮቲንን እንደ ማያያዣ ይጠቀማል። ደማችን በባዮቲን ሲሞላ ማሽኑ ይሳሳታል። ቲኤስኤችን አሳንሶ፣ ቲ4ን አብዝቶ ያነባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኅዳር 2017 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክን) የሚለየው ትሮፖኒን የተባለው ምርመራም በዚሁ ምክንያት ሊሳሳት ይችላል፤ በዚያ የተነሳ የሞተ ሰው እንዳለም ገልጿል። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር ከምርመራ በፊት ቢያንስ ለሁለት ቀን ባዮቲን እንዲቆም ይመክራል። ይህ ምክር ባዮቲን በሚመክር ጽሑፍ ሁሉ ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረበት። በዚህኛው ላይ የለም።

ጥቁር አዝሙድና ሽፈራው ቀሩ። ጥቁር አዝሙድን እወዳለሁ፤ ከዳቦዬም ከበርበሬዬም አይጠፋም። ኢራን ውስጥ 40 የሐሺሞቶ ታማሚዎች ተሳትፈው፣ ግማሾቹ በቀን ሁለት ግራም ዱቄቱን፣ ግማሾቹ ባዶውን ለስምንት ሳምንት ወስደው፣ ዱቄቱን የወሰዱት ቲኤስኤቻቸው እንደወረደ የሚገልጽ ጥናት በ2016 ወጥቷል። አርባ ሰው፣ ሁለት ወር። ተስፋ ይሰጣል፤ ሐኪሙ የሰጣችሁን ክኒን የሚያስጥል ግን አይደለም። ሽፈራው ደግሞ ተቃራኒ ጥያቄ ያስነሳል። የሽፈራው ዘመድ የሆነው የሕንዱ ሞሪንጋ ቅጠል ጭማቂ የተሰጣቸው ሴት አይጦች ላይ ቲ4 ከፍ ብሎ ቲ3 ወርዷል፤ ማለትም ሆርሞኑ ወደሚሠራው መልኩ መቀየሩ የተደናቀፈ ይመስላል። የኮንሶው ዝርያው ሌላ ነው፤ አይጥም ሰው አይደለም። በወጥ የሚበላን ሰው አላስፈራራም። ግን «ለታይሮይድ መድኃኒት» ብሎ በማንኪያ እየለኩ መዋጥን የሚደግፍ ነገር የለም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ክኒናቸውን በሥነ ሥርዓት እየወሰዱ፣ ቲኤስኤቻቸው ተስተካክሎ፣ አሁንም የሚደክማቸው ሰዎች አሉ። «ውጤትሽ ጥሩ ነው» ተብለው ይሸኛሉ። ስሜቱን አውቀዋለሁ። ያ ሰው መልስ ፍለጋ ወጥቶ ቫይታሚን ሻጭ እጅ ቢወድቅ አልፈርድበትም። ግን በጭፍን ከመዋጥ በፊት መለካት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የሐሺሞቶ ታማሚዎች ላይ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ከሌላው ሰው ይልቅ ይታያል፤ ያው የተሳሳተው በሽታ መከላከያ ጨጓራንም ሊያጠቃ ይችላልና። የብረት ማነስ፣ በተለይ ወር አበባቸው በሚበዛ ሴቶች ላይ፣ ድካሙንም የፀጉሩንም መርገፍ ያመጣል። የተጠራቀመውን ብረት የሚያሳየውን፣ ፌሪቲን የሚባለውን አስለኩ። ስንዴ የማይስማማው አንጀትም ክኒኑን በደንብ አያስገባም። እነዚህ ተለክተው ጉድለት ከተገኘ፣ የጎደለው በልኩ ይሞላል። ያኔ ክኒን መጨመሩን እኔም እደግፋለሁ።

እትዬ ክኒኑን ካቆሙ በሦስተኛው ሳምንት ሐኪማቸው ጋ ሄዱ። ቲኤስኤቹ ከፍ ብሎ ነበር። በዚያው ቀን ወደ ክኒናቸው ተመለሱ። ከስምንት ሳምንት በኋላ እንደገና ይለካሉ፤ ቢ12ና ፌሪቲንም አብሮ እንዲታይ ሐኪሙ ጽፎላቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ጎረቤቴ ዕቃ ሰጠሁ። ሴሌኒየም የለበትም። የሳምንቱ ቀናት የተጻፉበት የክኒን ሳጥን ነው የላክሁት። እትዬ እንደደረሳቸው ደወሉ።

«ክኒኑን ከዋጥኩ በኋላ ቡና ለመጠጣት አንድ ሰዓት ልጠብቅ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ እትዬ።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ለጸሎት ስነሣ እውጠዋለሁ። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ እስኪፈላ ሰዓቱ ይሞላል።»